የልጅ ተነቃይ ብሬስ፦ ከክሊኒክ ከወጣችሁ በኋላ ያለው ሥራ

ጥርስ ላይ የሚለጠፈውን ብሬስ፣ ማለትም የጥርስ ማስተካከያ፣ ሐኪሙ አንዴ ካሰረው፣ ልጁ ቢወድም ባይወድም ሥራውን ይሠራል። የሚወልቀው ግን እንደዚያ አይደለም። አፍ ውስጥ ካልገባ ፕላስቲክና ሽቦ ብቻ ነው። ስለዚህ ልጃችሁ ተነቃይ ብሬስ ከተሠራለት ሕክምናው በአብዛኛው የሚካሄደው ቤት ውስጥ ነው። ሐኪሙ በየተወሰነ ሳምንት ያየዋል፤ በመሃል ያለው ቀን ሁሉ ግን የእናንተ ነው።

ከሁሉም በፊት አንድ ነገር ልበል። በተነቃይ ብሬስ ላይ የሚደርሰው ጣጣ ሁሉ ማለት ይቻላል የሚጀምረው ከአፍ ሲወጣ ነው። የሚጠፋው ወጥቶ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚሰበረውም ወጥቶ ነው። ውሻ የሚያኝከው ወጥቶ የትም ተጥሎ ነው። ሰዓቱ የሚጎድለውም ወጥቶ ስለሚረሳ ነው። እንግዲህ የቤታችሁን አሠራር ብሬሱ በቀን ጥቂት ጊዜ ብቻ እንዲወጣ፣ ሲወጣም የሚቀመጥበት ቦታ የታወቀ እንዲሆን አድርጋችሁ አዘጋጁት። ከታች ያለው ሁሉ ከዚህ የሚነሳ ነው።

ከክሊኒክ ሳትወጡ

መጀመሪያ ተነቃይ ብሬሱን፣ ፕሌት የሚባለውን፣ በእጃችሁ ይዛችሁ በደንብ እዩት። ላንቃ ላይ የሚያርፈው ጠንካራ ፕላስቲክ አክሪሊክ ይባላል። ከኋላ በኩል የመንጋጋ ጥርሶችን ቆንጥጠው የሚይዙ የሽቦ መንጠቆዎች አሉት። በብዛት የምታገኙት አዳምስ የሚባለውን መንጠቆ ነው። ጠጋ ብላችሁ ካያችሁት ሁለት ሹል እጥፋቶች አሉት። እነዚያ እጥፋቶች ጥርሱ ከድድ ጋር የሚገናኝበት ጥግ ውስጥ ይሸጎጣሉ። ፕሌቱ ልጁ ሲያወራም ሲስቅም ሳይወድቅ የሚቆየው በእነሱ ነው። ለዚህ ነው ትንሽ ሲጣመሙ ጠቅላላው ነገር የሚላላው። ከፊት ለፊት ደግሞ በጥርሶቹ ላይ የሚያልፍ ረጅም ሽቦ ይኖረዋል። ከውስጥ በኩል አንድን ጥርስ ብቻ የሚገፋ ቀጭን ስፕሪንግ ሊኖርም ይችላል። ላንቃ ለማስፋት የታሰበ ከሆነ መሃሉ ላይ ትንሽ ብሎን አለው።

የታችኛው መንጋጋቸው ወደ ኋላ ለቀረባቸው ልጆች የሚሰጠው ትዊን ብሎክ ትንሽ ለየት ይላል። የላይና የታች ሁለት ፕሌቶች ናቸው። ስኮትላንዳዊው ኦርቶዶንቲስት (የጥርስ አሰላለፍ የሚያስተካክሉ ሐኪም) ዊሊያም ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1977 የሠሩት ነው። ልጁ አፉን ሲገጥም የሁለቱ ፕሌቶች ተዳፋት ብሎኮች ተገናኝተው የታችኛውን መንጋጋ ወደፊት ያመጡታል። ይህን የምነግራችሁ በምክንያት ነው። ትዊን ብሎክ ብዙ ጊዜ ሲበላም አይወልቅም። ተራው ፕሌት ግን በአብዛኛው ለምግብ ይወጣል። ስለዚህ የዘመድ ወይም የጎረቤት ልጅ የሚያደርገውን አይታችሁ የእናንተንም እንደዚያው ነው ብላችሁ እንዳትሸወዱ።

ከመውጣታችሁ በፊት ሐኪሙን ጠይቃችሁ መልሱን በጽሑፍ ያዙ፦ በቀን ስንት ሰዓት ይደረግ? ሲበላ ይውጣ ወይስ አይውጣ? ብሎን ካለው በሳምንት ስንት ጊዜ፣ በየትኛው ቀን፣ በየት አቅጣጫ ይዙር? ቢሰበር ማን ጋ ይደወል? ቃል በቃል ጻፉት። ቤት ከገባችሁ በኋላ እናት «ሌሊት ብቻ ነው ያሉት»፣ አባት «የለም፣ ቀኑን ሙሉ ነው» ሲባባሉ ልጁ የሚመርጠው ለእሱ የሚቀለውን ነው።

ልጁ ደግሞ እዚያው ሐኪሙ ፊት ራሱ ደጋግሞ ያስገባውና ያውጣው። እናንተ ብቻ የምታስገቡለት ከሆነ ትምህርት ቤት ሲሄድ ምሳ ላይ ያወጣውና ማታ እስክትገናኙ ድረስ አይመልሰውም።

ማስገባትና ማውጣት

የመጀመሪያዎቹን ቀናት መስታወት ፊት ቁሙ።

1. ልጁ እጁን ይታጠብ። ፕሌቱን በቀዝቃዛ ውሃ ለቅለቅ ያድርገው። እርጥብ ሲሆን በቀላሉ ይገባል።
2. አቅጣጫውን ያረጋግጥ። መንጠቆዎቹ ወደ ኋላ፣ ረጅሙ ሽቦ ወደ ፊት።
3. የላይኛውን ፕሌት በሁለት አውራ ጣቶቹ ፕላስቲኩ ላይ ተጭኖ ወደ ላንቃው ይግፋው። የታችኛውን ደግሞ በሁለት ሌባ ጣቶቹ ወደ ታች ይጫነው። ግራና ቀኝ እኩል ነው የሚጫነው።
4. መንጠቆዎቹ ቦታቸውን ሲይዙ ቀጭ የሚል ስሜት ይሰማዋል። ምላሱን ላንቃው ላይ አሳልፎ ክፍተት እንደሌለ ይፈትሽ።

ሲያወጣ በሁለቱም እጆቹ ጥፍሮች ከኋላ ያሉትን መንጠቆዎች ይዞ፣ የላይኛውን ወደ ታች፣ የታችኛውን ወደ ላይ ይሳበው። እዚህም ግራና ቀኝ እኩል። የፊተኛውን ሽቦ ይዞ መጎተት ክልክል ነው። ልጆች የሚወዱት ግን እሱን ነው፤ ለእጅ ይቀርባላ። ሽቦው በዓይን የማይታይ ያህል እንኳ ቢጣመም ጥርሱን የሚገፋበት ጉልበትና አቅጣጫ ይቀየራል።

ሁለት መጥፎ ልማዶች በመጀመሪያው ሳምንት ይጀምራሉ። አንደኛው ፕሌቱን አፍ ውስጥ ጣል አድርጎ ነክሶ ማስገባት ነው። መንጠቆ የሚሰበረው በዚህ ነው። ሁለተኛው በምላስ ከፍ ዝቅ እያደረጉ መጫወት ነው። ቴሌቪዥን ሲያይ ወይም የቤት ሥራ ሲሠራ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ከሰማችሁ እሱ ነው። ሽቦ ደጋግሞ ሲታጠፍና ሲዘረጋ ይዝላል፤ መጨረሻው መሰበር ነው። ገና ሲጀምረው አስጥሉት፤ ከለመደው በኋላ ማስተው ከባድ ነው።

የመጀመሪያው ሳምንት

ሦስት ነገር ይመጣል። አስቀድማችሁ ለልጁ ብትነግሩት አይደነግጥም።

ምራቅ ይበዛል። አፍ ባዕድ ነገር ሲገባበት ምግብ የገባ ይመስለዋል። ልጁ ቶሎ ቶሎ ይዋጠው። በጥቂት ቀናት ውስጥ ይቀንሳል።

ንግግሩ ይኮላተፋል። በተለይ «ሰ»፣ «ሸ» እና «ዘ» ላይ። ምላስ የለመደችው ቦታ በፕላስቲክ ስለተያዘ አዲስ ቦታ መፈለግ አለባት። መድኃኒቱ ማውራት ነው። ማታ ማታ ከመጽሐፍ ላይ ገጽ ገጽ ጮክ ብሎ ያንብብላችሁ፤ ከአንድ እስከ መቶ ይቁጠር። ብዙ ልጆች በአንድ ሳምንት ገደማ ይስተካከላሉ። ለመናገር ብሎ የሚያወጣ ልጅ ግን ወር ቢሞላውም ይኮላተፋል፤ ምላሱ ቦታዋን አልለመደችማ። ለክፍሉ አስተማሪ አንድ ቃል ብትነግሩለት ጥሩ ነው። ክፍል ውስጥ በሳቁበት ቀን ፕሌቱ ኪስ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ማስወጣቱ ለእናንተ ሥራ ነው። ወንድምና እህት ቤት ውስጥ እንዳያሾፉም ከበድ አድርጋችሁ ተናገሩ።

ጥርሱን ያመዋል። ይህ የሚጠበቅ ነው። ጫናው ከተጀመረ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ይነሳና ከሁለት እስከ አራት ቀን ይቆያል። ከእያንዳንዱ ማስተካከያ በኋላም ትንሽ ይመለሳል። እነዚያን ቀናት ለስለስ ያለ ምግብ ስጡት። ካስቸገረው ለልጆች የተዘጋጀ ፓራሲታሞል በክብደቱና በማሸጊያው ላይ በተጻፈው መጠን መስጠት ይቻላል። አስፕሪን ግን ለልጅ አይሰጥም። አመመኝ ሲል ፕሌቱን ማውጣት ርኅራኄ ይመስላል፤ ነገር ግን ሲመልሰው ሕመሙም አብሮ ይመለሳል፤ ያንኑ ሕመም ሁለት ጊዜ ያስከፍለዋል።

ቁስል ሌላ ነገር ነው። ፕላስቲኩ ወይም ሽቦው አንድ ቦታ ላይ ድዱን ወይም ጉንጩን ከፋቀው ነጭ ወይም ቀይ ቁስል ይወጣል። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ አሟሙታችሁ ይጉመጥመጥና ይትፋው። የሚወጋው የሽቦ ጫፍ ከሆነ ለብሬስ የሚሸጠውን ሰም ትንሽ ቆንጥራችሁ፣ በጣት አድቦልቡላችሁ፣ ሽቦውን በሶፍት አድርቃችሁ ለጥፉበት። ፕላስቲኩን በሞረድ ወይም በጥፍር መሞረጃ አትንኩት። ለክሊኒኩ ደውሉ፤ ሐኪሙ ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ያለሰልሰዋል። እስከዚያ ድረስ ቁስሉ ብሶበት ማውጣት ግድ ከሆነ፣ ከቀጠሮው በፊት ባለው ቀን መልሳችሁ አስገቡት። የሚፋቅበት ቦታ ምልክት ካልታየ ሐኪሙ የቱን እንደሚያለሰልስ አያውቅም።

ሰዓቱን መሙላት

ዋናው ጉዳይ እዚህ ነው፤ ትንሽ ልቆይበት።

ጥርስና አጥንት የተያያዙት በቀጫጭን ጅማቶች ነው። ፕሌቱ ጥርሱን በቀስታ ሲገፋው በአንድ በኩል ያለው አጥንት በሕዋሳት እየተበላ ቦታ ይለቃል። በሌላው በኩል ደግሞ አዲስ አጥንት ይሠራል። ይህ ግንባታ ጊዜ ይፈልጋል፤ የሚቀጥለውም ጫናው ሲቀጥል ነው። ፕሌቱ ሲወጣ ጥርሱ ወደነበረበት መመለስ ይጀምራል። ዛሬ የጎደለውን ነገ አጠናክሮ መሙላት አይቻልም። ከ24 ሰዓት በላይ ያለው ቀን የለማ!

«ሌት ተቀን» ከተባላችሁ ብዙ ጊዜ ማለት የተፈለገው ከ20 እስከ 22 ሰዓት ነው። እስቲ አስሉት። ለቁርስ፣ ለምሳና ለእራት ግማሽ ግማሽ ሰዓት ብትሰጡ አንድ ሰዓት ተኩል ሄደ። ጠዋትና ማታ ጥርስ መቦረሽና ፕሌቱን ማጠብ ሲጨመር ሁለት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። ሌላ ትርፍ የለም። መክሰስ በበላ ቁጥር ካወጣውና ግማሽ ሰዓት ከረሳው ቀኑ ጎደለ። ስለዚህ መክሰሱን ሰብሰብ አድርጉት። ከትምህርት ቤት እንደመጣ አንድ ጊዜ፣ ተቀምጦ ይብላና ያብቃ። ቀኑን ሙሉ ትንሽ ትንሽ መቆራጠም ለጥርሱም አይበጅም፤ ለፕሌቱም አይሆንም።

«ማታና ከሰዓት በኋላ» የተባለው ልጅ ደግሞ ከትምህርት ቤት እንደተመለሰ ካላስገባው ሰዓቱ አይሞላለትም። እንቅልፉ ዘጠኝና አሥር ሰዓት ነው። 14 ሰዓት ከታዘዘለት ነቅቶ እያለ ገና አራት ወይም አምስት ሰዓት ይቀረዋል። «ልተኛ ስል አደርገዋለሁ» የሚለው ነገር አያዋጣም ማለት ነው።

ማስታወሻው ሰዓት ሳይሆን ድርጊት ይሁን። «ሁለት ሰዓት ላይ አስገባ» ከማለት «ጥርስህን እንደቦረሽህ ብሩሹን ሳታስቀምጥ አስገባ» ማለት ይሻላል። የስልክ አላርም ለጥቂት ቀን ይሠራል፤ ከዚያ ጆሮ ይለምደዋል። ከሌላ ነገር ጋር የታሰረ ልማድ ግን ይቆያል። ምግብ ካበቃ በኋላ ፕሌቱ ሳይገባ ከጠረጴዛው አለመነሳትም ጥሩ ደንብ ነው፤ ለቤተሰቡ ሁሉ ግልጽ ስለሆነ ማንም ሊረሳው አይችልም።

መጠቀሙን በምን ታውቃላችሁ? በመጠየቅ አይደለም። «አድርገሃል?» ሲባል «አዎ» የማይል ልጅ የለም። አንዳንድ ፕሌቶች ውስጥ ሙቀት የሚለካ ትንሽ ሴንሰር ይቀበራል፤ ፕሌቱ አፍ ውስጥ የቆየበትን ሰዓት ይመዘግባል። በእነዚህ ሴንሰሮች የተደረጉ ልኬቶች ልጆች ከታዘዘላቸው ሰዓት በታች እንደሚጠቀሙ ደጋግመው አሳይተዋል። የእናንተ ልጅ ብቻ አይደለም፤ ስለዚህ ቁጣው ብዙም አይጠቅምም። ሴንሰር ባይኖርም ምልክቶቹ በዓይን ይታያሉ። የሚጠቀም ልጅ ፕሌቱን ሲያወጣ ላንቃው ላይ የፕሌቱ ጠርዝ ስሱ ምልክት ይተዋል። ንግግሩ ጠርቷል። በአንድ እጁ እንኳ ቶሎ ያስገባዋል። ፕላስቲኩም እንደ አዲስ አያብለጨልጭም። በተቃራኒው ሁልጊዜ ማታ ሲያስገባው «አጥብቆኛል» የሚል ከሆነ ቀን ቀን ኪስ ወይም ቦርሳ ውስጥ ነበር ማለት ነው።

የምትጨቃጨቁበትን ነገር ወደ ወረቀት አውርዱት። የወር ካላንደር መታጠቢያ ቤት ውስጥ ስቀሉ። ልጁ ራሱ በየቀኑ ያደረገበትን ሰዓት ይጻፍ። የጎደለበትን ቀንም ሳይፈራ ይጻፍ። ለተሞላ ሳምንት ትንሽ ሽልማት ቢኖር ክፋት የለውም፤ ጣፋጭ አይሁን እንጂ። ቅጣት ግን እኔ አልመክርም። የተቀጣ ልጅ ፕሌቱን ይጠላዋል፤ የተጠላ ፕሌት ደግሞ ቶሎ «ይጠፋል»።

ምግብና መጠጥ

ፕሌቱ አፍ ውስጥ እያለ የሚፈቀደው መጠጥ ውሃ ነው። ለስላሳና ጭማቂ ፕሌቱ ሥር ገብተው ይቀራሉ፤ ምራቅ ደርሶ አያጥባቸውም። ስኳሩና አሲዱ ጥርሱ ላይ ተኝቶ ይቆያል። ትኩስ መጠጥም ፕላስቲኩን ሊያጣምም ይችላል። ከፕሌቱ ጋር ብላ የተባለ ልጅ ደረቅና ተለጣጭ ነገር ይተው። ማስቲካ፣ የሚያጣብቅ ከረሜላና በረዶ መቆርጠም የለም። ፖምና ካሮት በቀጭኑ ይከተፉለት። ከበላ በኋላ ፕሌቱን አውጥቶ፣ አጥቦ፣ አፉን ተጉመጥሙጦ ይመልሰው። ትምህርት ቤት ብሩሽ ከሌለ በውሃ መለቅለቁ ይበቃል።

ጽዳት

ያልጸዳ ፕሌት ይሸታል። በጥርስ ላይ የሚጋገረው ቆሻሻ ፕላስቲኩም ላይ ይጋገራል።

ማታ ማታ በደንብ ይጸዳ። ከጥርስ ብሩሹ የተለየ ለስላሳ ብሩሽ ይኑረው። መታጠቢያው ገንዳ ውስጥ ትንሽ ውሃ አጠራቅሙ ወይም ፎጣ አንጥፉ፤ ቢያመልጥ አይሰበርም። ፕሌቱን በመዳፍ ይዞ፣ በቀዝቃዛ ወይም ለብ ባለ ውሃና በአንድ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና፣ ላንቃ የሚነካውን በኩል በተለይ ይፈትገው። ያ በኩል ስለማይታይ ይረሳል። ከመንጠቆዎቹ ሥርና ከብሎኑ ቀዳዳ ዙሪያም ምግብ ይቀራል። ሽቦውን ግን በስሱ፤ ስፕሪንጎቹ ቶሎ ይታጠፋሉ። ከዚያ በብዙ ውሃ ይለቅለቅ። በጥርስ ሳሙና ባይፈተግ ይመረጣል፤ ሻካራ ስለሆነ ፕላስቲኩን ይጭረዋል፣ ጭረቱ ውስጥ ደግሞ ቆሻሻ ይደበቃል።

ሙቅ ውሃ አይሆንም። የፈላ ውሃማ ጨርሶ አይታሰብም። አክሪሊኩ ከተጣመመ መልሶ አይቀናም፤ አዲስ መሥራት ነው። በረኪናም ሽቦውን ይበላዋል። ለፕሌትና ለሰው ሠራሽ ጥርስ የሚሸጡ የማጽጃ እንክብሎች አሉ። በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ፣ ማሸጊያው ላይ በተጻፈው ልክ ዘፍዝፋችሁ በደንብ አለቅልቁ። እንክብሉ የሚዋጥ ስለሚመስል ትንንሽ ልጆች እጅ እንዳይገባ።

ነጭና ጠንካራ ቅርፊት ከያዘ ከምራቅ የመጣ ማዕድን ነው። ነጭ ኮምጣጤና ውሃ እኩል ቀላቅላችሁ ግማሽ ሰዓት ያህል ዘፍዝፉት፤ ከዚያ ቦርሹት። ካልለቀቀ በቢላዋ አትፋቁ፤ ክሊኒክ ያጸዱላችኋል።

ጥርሱ ራሱ ጠዋትና ማታ ፍሎራይድ ባለው ሳሙና ሁለት ደቂቃ ይቦረሽ። ከሰባትና ስምንት ዓመት በታች ላለ ልጅ እናንተ ጨርሱለት። ንጹሕ ፕሌት ቆሻሻ ጥርስ ላይ ማስገባት ትርጉም የለውም።

ላንቃው በፕሌቱ ቅርጽ ልክ ቀልቶ ካያችሁት፣ ባያመውም እንኳ ፕሌቱ ሥር ፈንገስ ሊሆን ስለሚችል ለሐኪሙ አሳዩ።

ብሎኑን ማዞር

ይህን የሚያደርገው ትልቅ ሰው ነው። ልጁ አይደለም። ደግሞም አንድ ሰው ብቻ ኃላፊነቱን ይውሰድ፤ አለበለዚያ ሁለታችሁም ታዞሩታላችሁ ወይም ሁለታችሁም ትረሱታላችሁ።

ፕሌቱ ከአፍ ይውጣ። በጥሩ ብርሃን ያዙት። ብሎኑ ላይ ትንሽ ቀዳዳ፣ አጠገቡ ደግሞ የተቀረጸ ቀስት ታያላችሁ። ብሎኑ የሚዞርበትን ትንሽ ቁልፍ ቀዳዳው ውስጥ እስከ መጨረሻው አስገቡት። ቀስቱ ወደሚያሳየው አቅጣጫ እስኪቆም ድረስ ግፉ። አዲስ ቀዳዳ ሙሉ በሙሉ ብቅ ካለ አንድ ዙር ሞልቷል። ቁልፉን ወደ ኋላ ሳትመልሱ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት። አዲሱ ቀዳዳ ግማሹ ብቻ ከታየ ቁልፉን ስታወጡ መልሳችሁታል ማለት ነው፤ በሚቀጥለው ጊዜ ቁልፉ አይገባላችሁም። ወዲያው ካላንደሩ ላይ ምልክት አድርጉ።

ይህ አንድ ግፊት የሙሉ ክብ ሩብ ነው። ፕሌቱን የሚያሰፋው በግምት ሩብ ሚሊሜትር ብቻ ነው። ለተነቃይ ፕሌት ብዙ ጊዜ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ይታዘዛል፤ የእናንተን ሐኪሙ ያለውን ተከተሉ። ከዞረ በኋላ ልጁ አንድ ቀን ገደማ መጥበቅ ይሰማዋል።

ከረሳችሁ ባስታወሳችሁበት ቀን አንድ ጊዜ አዙሩ። ለማካካስ ብላችሁ ሁለቴ አታዙሩ። ልጁ በዚያ ሳምንት በደንብ ካልተጠቀመበትም አታዙሩ፤ ብሎኑ ይሰፋል እንጂ ላንቃው አልሰፋም። ከዚያ ፕሌቱ አልገባ ይላል። አልገባ ካለ በጉልበት አትግፉት። ደውሉ። ብዙ ጊዜ ሐኪሙ የመጨረሻውን ዙር ወደ ኋላ እንድትመልሱ ይነግራችኋል። በተቃራኒው ብሎኑ ራሱን በራሱ ወደ ኋላ የሚዞር ከመሰላችሁም ንገሯቸው።

ቁልፉ ትንሽ ነገር ነው። ቀለም ያለው ክር እሰሩበት፤ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ይቀመጥ።

አፍ ወይም ሳጥን

ፕሌት ያለበት ቦታ ሁለት ብቻ ነው፦ አፍ ወይም ሳጥን። ኪስ የለም፣ ሰሃን ጠርዝ የለም፣ ትራስ ሥር የለም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሶፍት የለም። ልጁ ምሳ ሲበላ በሶፍት ጠቅልሎ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ጠረጴዛ የሚያጸዳው ሰው ቆሻሻ መስሎት ይጥለዋል። ከጠፋባችሁ መጀመሪያ ፈልጉ የምላችሁም ምግብ የበላበት ቦታ ያለውን ቆሻሻ መጣያ ነው።

ሳጥኑ ጠንካራ፣ ደማቅ ቀለም ያለውና አየር ማስገቢያ ቀዳዳ ያለው ይሁን። ሁለት ግዙ፤ አንዱ ቤት፣ አንዱ የትምህርት ቤት ቦርሳ ውስጥ ይኑር። ከውስጥ ክዳኑ ላይ የእናንተን ስልክ ቁጥር ጻፉ። ውሻ ወይም ድመት ካላችሁ ሳጥኑ ከፍ ያለ ቦታ ይሁን። የምራቅ ሽታ ውሻን ይስባል፤ አንዴ ካገኘው የሚተርፍ ነገር የለም።

ለመጋጫ ስፖርት፣ ለትግልና ለዋና ይውጣ። ዋና ላይ ከአፍ ካመለጠ ግልጽ ፕላስቲክ ውሃ ውስጥ አይታይም። መጋጨት ባለበት ስፖርት በቦታው የጥርስ መከላከያ ይደረግ፤ እንደጨረሰ ፕሌቱ ይመለስ። ልጁ የሚነፋ የሙዚቃ መሣሪያ ካለው ሐኪሙን ጠይቁ።

ሲያስመልሰው ይውጣ። ከዚያ አፉን በውሃ ይጉመጥመጥ፤ የጨጓራ አሲድ ጥርሱ ላይ እያለ ወዲያው ባይቦርሽ ይሻላል። ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ቦርሾ ይመልሰው።

ሲሰበር፣ ሲላላ፣ ሲጠፋ

ፕላስቲኩ ከተሰነጠቀ ወይም ሽቦ ከተቆረጠ ፕሌቱን አውጡት፤ ቁርጥራጩን ሁሉ ሳጥን ውስጥ ሰብስቡ፤ ፎቶ አንሱና ለክሊኒኩ ደውሉ። በሱፐር ግሉ አታጣብቁ። ማጣበቂያው አፍን ያቃጥላል። አንድ ፀጉር ያህል ተዛንፎ ከተጣበቀ ደግሞ ጥርሱን ወደማይሆን ቦታ ይገፋል፤ ላቦራቶሪውም በትክክል ሊጠግነው ይቸግረዋል።

ከቁርጥራጩ አንዱ ከጎደለ ልጁ ውጦት ወይም ወደ ሳንባው ገብቶ ሊሆን ይችላል። የሚያስለው፣ የሚያፍነው፣ ትንፋሽ የሚያጥረው ከሆነ ይህ ድንገተኛ ነው፤ ቀጠሮ አትጠብቁ፣ በቅርብ ወዳለ ሆስፒታል ሩጡ። ደህና ቢመስልም እንኳ ለሐኪም ንገሩ፤ በተለይ የጎደለው ሽቦ ከሆነ። የቀረውን ቁራጭ ይዛችሁ ሂዱ። አክሪሊክ ብቻውን በኤክስሬይ በደንብ ስለማይታይ ሐኪሙ ምን እንደሚፈልግ ማየት አለበት።

ፕሌቱ ከላላና ሲያወራ የሚወርድ ከሆነ መንጠቆውን በፒንሳ ልጠብቅ አትበሉ። ለመላላት ደግሞ ሌላ ምክንያትም አለ፦ የወተት ጥርስ። በዚህ ዕድሜ ጥርስ መነቃነቁ አይቀርም። መንጠቆ የያዘው የወተት ጥርስ ከወለቀ ፕሌቱ መያዣ ያጣል። አዲስ የሚወጣ ጥርስ ፕላስቲኩን ከሥር ሲገፋው ደግሞ ከፍ ብሎ ይቀመጣል። ሐኪሙ ያንን ቦታ ትንሽ ሞርዶ መንገድ ይከፍትለታል። ስለዚህ የሚነቃነቅ ጥርስ ካያችሁ ቀድማችሁ ንገሩ።

ከጠፋ በዚያው ቀን ደውሉ። «ቀጠሮው ሁለት ሳምንት ነው የቀረው፣ ያኔ እንነግራቸዋለን» ማለት የወራት ሥራ ሊያበላሽ ይችላል። ጥቂት ቀን ሳያደርግ ቆይቶ ፕሌቱ ከተገኘና ጠበቅ አድርጎ ግን ሙሉ በሙሉ ከገባ፣ ለተወሰኑ ቀናት ሳያወልቅ ይጠቀምበት። ጨርሶ ካልገባ አታስገድዱ፤ ወደ ሐኪሙ ሂዱ።

ቀጠሮ ስትሄዱ

ፕሌቱ አፍ ውስጥ ሆኖ ይግባ። ሳጥን ውስጥ ይዞ የሚመጣ ልጅ ከመናገሩ በፊት ታውቆበታል። የብሎኑን ቁልፍና ካላንደሩን ያዙ። ሰዓቱን በእውነት ንገሩ፦ «ዶክተር፣ ባለፈው ወር አንድ ሳምንት ያህል በደንብ አልተጠቀመም» ማለት አያሳፍርም። ሐኪሙ ጥርሱ ያልተንቀሳቀሰው በሰዓት ማነስ መሆኑን ካላወቀ ሽቦውን የበለጠ ሊያጠብቅ ወይም ዕቅዱን ሊቀይር ይችላል።

ጥርሱ ቦታውን ሲይዝ ፕሌቱ ወዲያው አይጣልም። ብዙ ጊዜ ያው ፕሌት ወይም ሪቴይነር የሚባል ሌላ ለተወሰነ ጊዜ ማታ ማታ ይቀጥላል፤ አዲሱ አጥንትና ጅማቶቹ እስኪጸኑ ድረስ ጥርሱ ወደ ድሮ ቦታው መሄድ ይፈልጋል። ልጁ «ተስተካክሏል እኮ» ብሎ በራሱ እንዳያቆም፣ የሚቆምበትን ቀን ከሐኪሙ አፍ እሱ ራሱ ይስማ።